ጋቢና የማን ነው

«ሳሪስ! ሳሪስ! አንድ ሰው የቀረው!»

ዘአማኑኤል ድምፁን እንደ ወያላ አጎርንኖ ሲጣራ እናቱ ብዙወርቅ የሕፃናት ክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ገባች። ከክር ፋብሪካው በቀጥታ መምጣቷ ነው፤ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ አመዳይ ተኝቷል። በእጇ የተቀቀለ እንቁላልና ብርቱካን የያዘ ፌስታል አንጠልጥላለች።

በአልጋዎቹ መካከል የፕላስቲክ ወንበሮች ሁለት ሁለት ሆነው ተደርድረዋል። ፊት ላይ፣ እግሯ በጀሶ የታሰረባት ናዕማ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዛ ታሽከረክራለች። ከጎኗ፣ ጋቢና፣ ነርሷ እድላዊት ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ተቀምጣለች። ኋላ የናዕማ እናት ሐጀራ ሻርፗን አስተካክላ፣ የሌለውን መስኮት እያየች ትጓዛለች።

«ሂሳብ፣ ጋቢና!» አለ ዘአማኑኤል፤ ቀኝ እጁንም ዘረጋ።

የተቃጠለው እጁ ነው። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲሯሯጥ የጋለ መጥበሻ ላይ የተደገፈበት። ቁስሉ ደርቋል፤ ግን የመዳፉ ቆዳ ሮዝ ሆኖ ተሸብሽቧል፣ ጣቶቹም ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። እድላዊት የለስላሳ ቆርኪ አወጣችና ልትሰጠው ስትል መልሳ አራቀችው።

«እጅህ እንዲህ ተጨብጦ ሂሳቤ ቢወድቅብኝስ? ወያላ እጁ ሰፊ ነው።»

ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ ትንሽ፣ ከዚያም ትንሽ ተከፈቱ። ቆርኪዋ መዳፉ ላይ አረፈች። ፊቱ በላብ ወዝቶ ሳቀ።

ብዙወርቅ እንዲህ ያለውን ሳቅ ካየች ሰንብታለች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

«አማኑዬ፣ መጣሁ» አለች።

ዞሮ አያት። አልሮጠም። «ሴትዮ፣ ኋላ ግቢ» አለ።

ሐጀራ ሳቀች። «ነይ ብዙዬ፣ አጠገቤ ቦታ አለ።»

«እኔ ጋቢና ነው የምቀመጠው።»

«ጋቢና ተይዟል» አለ ልጁ። «የሲስተር ነው።»

ጨዋታ መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ኋላ አልገባችም። ፌስታሉን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ ታክሲው ሳሪስ እስኪደርስ እንደ እንግዳ ቆማ ጠበቀች።

እድላዊት ወደ ሌላ ክፍል ልትሄድ ስትል ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት።

«ሲስተር፣ ልጄ እዚህ የተኛው ሊታከም ነው ወይስ ሊጫወት?»

እድላዊት አልተቆጣችም። ገና ልጅ እግር ናት፤ ከኮሌጅ ከወጣች ዓመት ቢሆናት ነው። «እየታከመ እኮ ነው፣ የአማኑ እናት። በዚህ ዕድሜ ‹ጣትህን ዘርጋ፣ ለነገ ይጠቅምሃል› ብትይው ነገ የሚባለው ነገር አይታየውም። ልጅ የሚያስበው በጨዋታው ነው፤ እንዲህ ነው የተማርነው። ወያላ ሲሆን ግን እጁን ራሱ ይዘረጋዋል።»

«እኔ ስነካው ለምን ይጮሃል ታዲያ?»

«አንቺ እናቱ ነሻ። የሚያለቅሰው ለሚያምነው ሰው ነው።»

ለማጽናናት የተባለ ነበር። ብዙወርቅ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማችው፤ ሳቁ ለአንቺ አይደለም የተባለች መሰላት። ይህቺ ልጅ የወለደችው ነገር የለም። ሌሊት ተነስታ ያጠባችው የለም። በቆርኪ ልጇን ወሰደችባት።

«ሰኞ ዶክተሩ ያየዋል» አለች እድላዊት። «ጣቶቹ ከተዘረጉ ይበቃዋል። እምቢ ካሉ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ለኦፕሬሽን ይላካል። ስለዚህ እባክሽ፣ አንቺም ተሳፈሪ።»

ማታ ብዙወርቅ እንቁላሉን ልጣ፣ ጨው ነስንሳ አቀረበችለት። ልጁ አንገቱን አዞረ።

«ሲስተር ታጉርሰኝ።»

«ሲስተር የለችም። እኔ ነኝ ያለሁት።»

«አንቺ አታውቂም። ሲስተር መጀመሪያ ለተሳፋሪዎቹ ነው የምትሰጠው።»

የትኞቹ ተሳፋሪዎች እንደሆኑ አላወቀችም። ባለማወቋ ይበልጥ ተናደደች። ባሏ ጣሰው ከባድ መኪና ይዞ ጋላፊ መንገድ ላይ ነው፤ ሲደውል የሚጠይቃት «እጁ እንዴት ሆነ?» ብቻ ነው። ጣቶቹን የከፈትኩለት እኔ ነኝ ልትለው ትፈልጋለች። ቆርኪ ከመስኮቱ ደፍ አንስታ ዘረጋች።

«ና፣ ሂሳብ ተቀበል።»

«ጋቢና አይደለሽማ።»

እጁን ያዘችና ትንሿን ጣት በቀስታ ወደ ኋላ ሳበች። ጮኸ። ናዕማ ከአልጋዋ ቀና አለች። ልጁ እጁን መንጭቆ ወስዶ «ሲስተር! ሲስተር እድላዊት!» እያለ ተጣራ። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ እያለች።

ያን ጊዜ ነው ቃሉ የወጣት። ከሆዷ ይሁን ከምላሷ እሷም አላወቀችም። እናቶች ሁሉ የሚሉት ነው፤ ጎረቤቷ ምሳውን እምቢ ላለ ልጇ የምትለው፣ የገዛ እናቷም ለእሷ ስትላት የኖረችው።

«ሲስተርህ ለምን እንደምታጫውትህ ታውቃለህ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አታልላህ ነው። ስታስቸግር መርፌ ልትወጋህ ነው። ትልቁን መርፌ።»

ልቅሶው ቀጥ አለ። ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ፤ ፊቱን ደረቷ ውስጥ ቀበረ። እንቁላሉንም ከእጇ በላ፣ እስከ መጨረሻው። ብዙወርቅ ትንሹ ልቡ ልብሷን እየገፋ ሲመታ ይሰማታል። ከብዙ ቀን በኋላ ልጇ ወደ ቤቱ የተመለሰ ያህል ሞቃት።

«ምነው ብዙዬ» አለች ሐጀራ ከአጠገባቸው አልጋ፣ ጨለማ ውስጥ ለራሷ የምታወራ ይመስል። «መርፌውን ለሌላ ጊዜ ብታቆዪው ምን ነበረበት?»

ብዙወርቅ የተኛች መሰለች።

በማግስቱ ቅዳሜ እድላዊት በኪሷ ቆርኪ እያንኳኳች ስትገባ ዘአማኑኤል ብርድ ልብሱ ሥር ገባ። «ወያላ፣ ሰው ሞልቷል፣ አንሄድም እንዴ?» ብትለውም አልወጣም። ብርድ ልብሱን በጥቂቱ ስትገልጥ ቀኝ እጁን ጨብጦ ብብቱ ውስጥ ቀርቅሮት አገኘችው።

«አላስቸገርኩም» አለ ልጁ። «ሲስተር፣ አላስቸገርኩም።»

እድላዊት ወደ ኋላ አለች። ከሰዓት በኋላ ሞከረች፤ ማታ ተረኛ ባትሆንም ቆይታ ሞከረች። ስትወጣ ብዙወርቅን በር ላይ አገኘቻት።

«የሆነ ነገር ፈርቷል» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «አራት ዓመት ላይ ሕመም ለልጆች ቅጣት ነው። ያመመኝ አጥፍቼ ነው ይላሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው። አንድ ሰው ደግሞ አዎ ካላቸው አለቀ። ማን ምን እንዳለው ታውቂያለሽ?»

«እኔ እንጃ» አለች ብዙወርቅ።

ነርሷ ለአፍታ አየቻትና ጋዋኗን አውልቃ በክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ብዙወርቅ ያሸነፈ ሰው እንዴት እንደሚተኛ አታውቅም ነበር፤ እንቅልፍ እንደማይወስደው ግን ያን ሌሊት አወቀች።

እሑድ ረፋዱ ላይ ልጁ ራሱ ወንበሮቹን ጎተተ። በግራ እጁ ብቻ። ናዕማን ሾፌር አደረገ፣ ሐጀራን ኋላ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ እናቱ መጣ።

«እማዬ፣ ጋቢና ግቢ።»

«እኔ?»

«አዎ። ጋቢና ያንቺ ነው። ሲስተር አትገባም።»

ተቀመጠች። የፈለገችው ቦታ ይህ ነው፤ ፊት ለፊት፣ ከሾፌሩ ጎን። ናዕማ በአፏ ሞተሩን አስነሳች። ዘአማኑኤል በሌለው በር ተንጠልጥሎ «ሳሪስ» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ባለፈው አይደለም። «ሂሳብ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ግራውን።

«በዚያኛው ተቀበለኝ፣ አማኑዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ብብቱን ይበልጥ ጠበቅ አደረገ። ብዙወርቅ ክንዱን ቀስ አድርጋ ከብብቱ አወጣችው። የተጨበጡት ጣቶች አርብ ዕለት ካየቻቸው ይልቅ ጠልቀው ገብተዋል፤ ጥፍሮቹ መዳፉ ላይ ምልክት ትተዋል። ልጁ ጥርሱን ነክሶ አያት። አላለቀሰም። እንዳላስቸግር ብሎ ነው።

በሩ ላይ እድላዊት የመድኃኒት ትሪ ይዛ ቆማለች። አልገባችም። ልጁ ሲያያት ቀኝ እጁን መልሶ ብብቱ ውስጥ ቀርቅሮ እናቱን ተጠጋ፤ ብዙወርቅ ሙቀቱ ዳግም ተሰማት። እንዲህ ሆኖ ቢቀርላት፣ ወደ እሷ ብቻ ተጠግቶ። እጁም እንደተጨበጠ።

«ወራጅ አለ» አለች።

ናዕማ ፍሬን ያዘች። «ሳሪስ አልደረስንም እኮ፣ እትዬ ብዙ።»

«ይሁን፣ እወርዳለሁ።» ብዙወርቅ ተነስታ ልጇ ፊት ተንበረከከች። ነርሷ እንድትሰማ ድምፅዋን አልቀነሰችም። «አማኑዬ፣ ሲስተር ላስቸገረ ልጅ መርፌ አትወጋም። እኔ ነኝ የዋሸሁህ። እጅህ የሚያምህም አጥፍተህ አይደለም።»

ልጁ አንዴ እሷን፣ አንዴ በሩን አየ። «ለምን ዋሸሽኝ?»

«ቀንቼ።»

«በምን?»

«በጋቢናው» አለች።

ይህ ገባው። ለእሱ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አልነበረም። ብዙወርቅ ወደ ኋላ ሄዳ ሐጀራ አጠገብ ተቀመጠች። ሐጀራ ጠጋ አለችላት።

«ሲስተር» አለች ብዙወርቅ፣ ነርሷን ቀና ብላ ሳታይ። «ጋቢና ክፍት ነው።»

እድላዊት ትሪውን አስቀመጠች። ባዶ እጆቿን ለልጁ አሳየችው፤ ፊታቸውንም ጀርባቸውንም። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ አንድ ቆርኪም አወጣች፤ አልጠራችውም። ናዕማ ሞተሩን አስነሳች። ታክሲው ብዙ መንገድ ሄደ፤ አቃቂ በሰቃን አለፈ፣ ቃሊቲን አለፈ፤ ወያላው ግን ሂሳብ አልጠየቀም።

«ሂሳብ» አለ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

ቀኝ እጁ ከብብቱ ወጣ። ወደ እናቱ ሳይሆን ወደ ጋቢና ተዘረጋ፤ አውራ ጣቱ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ተከፈቱ። ብዙወርቅ ጋቢና ሳለች ልትከፍለው የነበረውን ቆርኪ ከኪሷ አወጣች። እሱን ይዛ፣ ከኋላ ወንበር ተራዋ እስኪደርስ ጠበቀች።