ለእህቱ የተነጠፈው አልጋ

ነርሷ ኑሮዋን ውጭ ካደረገች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እዚያ ከደመወዟ የመጀመሪያውን ድርሻ ግብር አይነካውም፤ የልጇን ትምህርት ቤት የሚከፍለው ያ ነው። እዚህ በዓመት ከመቶ ሰማንያ ሦስት ቀን በታች እስከቆየች ድረስ ከዚህኛው ግብር ጋር ጉዳይ የላትም ስላሏት፣ ለእረፍት ስትመጣ ቀን እየቆጠረች ነበር።

ዘንድሮ በመጣች በሦስተኛው ቀን ግብር ቢሮ ጠራት። ኦፊሰሯ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል፣ ቀን ብቻውን አይበቃም፣ ሁልጊዜ የሚጠብቅሽ ቤት ካለ አሁንም የዚህ አገር ነዋሪ ነሽ አለቻት። ነዋሪ ከሆነች ደግሞ የውጭ ደመወዟ ከመጀመሪያው ሳንቲም ጀምሮ እዚህ ይገበርበታል፤ እዚያ ከግብር ነፃ የሆነላት ድርሻ እዚህ አይታወቅም። ማስረጃው የታላቅ ወንድሟ ቃል ነው።

ወንድሟ በእሷ ቤት ከነሚስቱና ከነአማቱ በነፃ ይኖራል። የግብር ቢሮው ተቆጣጣሪ እሷ በሌለችበት ሲመጣ፣ የእህቱን ቤት ዋጠ እንዳይባል ጓዳ ድረስ አስገብቶ የተነጠፈ አልጋ አሳይቶታል፤ የእሷ ነው፣ አንሶላው በየሳምንቱ ይቀየራል፣ ማንም አይተኛበትም ብሎ። የሚተኙበት አማቱ ናቸው። ነርሷ በመጣች ቁጥር የምታድረው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም።

ምሳ ላይ ነገረችው። እስከ ዓርብ ቀርቦ ቃሉን ካስተካከለ ግብሩ ይቀርላታል።

"ምን ብዬ? እህቱን ሶፋ ላይ ጥሎ አማቱን አልጋ ላይ አስተኛ ላስብል?"

"አስተኝተህ የለም እንዴ፣ ጋሼ?"

አማትየው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ሚስቱ፣ ውጭ የከረመ ሰው ዘመዱን የሚያየው በካልኩሌተር ነው አለች። እሱም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ፣ አንዴ የተናገረውን እንደማያጥፍ ማለ። ነርሷ የመለማመጫ ጊዜ አልነበራትም። እምቢ ካለ ወሩ ሳያልቅ ቤቱን ለባዕድ እንደምታከራየው፣ እሱም ከነአማቱ ሌላ ጣሪያ እንዲፈልግ ነገረችው።

ሐሙስ አብረው ሄዱ። ኦፊሰሯ "ለእህቴ የተቀመጠ ክፍል የለም" የሚለውን አዲሱን ቃሉን፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብላ አነበበችለት። ፈረመ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ፊቱ ጠቁሮ ዞረባት።

"ክፍል የላትም ብዬ ፈርሜያለሁ። መንግሥትን ሁለት ጊዜ አልዋሽም። ሻንጣሽን ሳሎን እንዳላገኘው።"

ቤት ተመልሳ ሻንጣዋን ከሳሎን አወጣች። እየጎተተች ከመንገዱ ማዶ ያለው ሆቴል ገባች፤ ክፍሉን ከማየቷ በፊት እንግዳ ተቀባዩን ለእያንዳንዱ አዳር በስሟ ደረሰኝ እንዲቆርጥላት አዘዘችው። ለሚቀጥለው ዓመት ማስረጃ ይሆናታል።