የጋሽ ሚሊ ዓይን

ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የጋሽ ሚሊ ዓይን ምንም አልሆነም። ይህችን ለመናገር አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ አሁን በአንድ ትንፋሽ ስላት ራሴን እታዘባለሁ።

ሥራዬ በኮምፒውተር ፕላን መሳል ነው። ጋሽ ሚሊ የቢሯችን ለኪ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ «ሚሊ» ያልናቸው አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማያሳልፉ ነው። ሳይት ሄደው ሜትራቸውን ይዘረጉና ልኬቱን በስልክ ይጠሩልኛል። እኔ ቁራጭ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ጮክ ብዬ እደግምላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልክ ነው፣ ቀጥዪ» ይሉኛል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርተናል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ግድግዳና ምሰሶ ሳምታታ አንድም ቀን ለአለቃ አሳልፈው አልሰጡኝም፤ ስህተቴን በእርሳስ ከበብ አድርገው ዝም ብለው ጠረጴዛዬ ላይ ይተዉልኝ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ግሪድ የሚባል አለ፤ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጥቦች ናቸው። ስናፕ ደግሞ ማውዙ በነጥቦቹ መካከል እንዳይንከራተት ከአንዱ ወደ አንዱ ያዘልለዋል። አዲስ ቤት ከባዶ ሲሳል ግሩም ነው፤ ሁሉም መስመር ቦታውን ይይዛል። ተሠርቶ ያለቀ ቤት ሲሳልበት ግን ጉድ ያፈላል። ግድግዳው እውነት የት እንደቆመ ግድ የለውም፤ ቅርብ ያገኘው ነጥብ ላይ ወስዶ ይተክለዋል።

አንድ ቀን የመጋዘን ፕላን ስስል ስናፑን አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር እንዲዘል አድርጌው ነበር። በማግስቱ ለአንድ ፋርማሲ የብረት ደረጃ መሳል ጀመርኩ። ነጥቦቹን አጠፋኋቸው፤ ስክሪኑ ኩፍኝ የወጣበት ስለሚመስለኝ አልወዳቸውም። እነሱ ሲጠፉ ስናፑም አብሮ የጠፋ መሰለኝ። አይጠፋም፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ በእጄ ብጽፈው እንኳ ምንም ባልሆነ ነበር፤ ግን ስንፍናዬ በልጦ በማውዝ ጎተትኩት። ጋሽ ሚሊ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ለክተው የጠሩልኝ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ሦስት ነበር። ፕላኑ ላይ ያረፈው ሁለት ሜትር ከሰማንያ አምስት ሆነ። እኔም ከወረቀቱ ጋር ሳላስተያየው፣ ቁጥሩ ደስ የሚል ነው ብዬ አለፍኩት።

ደረጃው ተበይዶ ፋርማሲው የደረሰ ቀን ሁላችንም ሄድን። ስድስት ሰው ተሸክሞ አስገባውና በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አልገባ አለ። ቢያጋድሉት፣ ቢያዞሩት፣ ቢገፉት ወይ ፍንክች። በያጁ ላቡን ጠርጎ ፕላኑን ከኪሱ አወጣ።

«እኔ የተሰጠኝን ነው የሠራሁት» አለ። «ማነው የለካው?»

አለቃችን ኢንጂነሩ ወደ ጋሽ ሚሊ ዞረ። ጋሽ ሚሊ ሜትራቸውን ዘርግተው ለኩ። ሰማንያ ሦስት። እንደገና ለኩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ያን ዕለት ስጠራልሽ ደግመሽልኝ ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

«ደግሜልዎት ነበር።»

«እንግዲያው እኔው ነኛ አሳስቼ ያነበብኩት። ዓይኔ ነው።»

ያን ጊዜ እኔም አላወቅኩም ነበር፤ ይህቺን ያህል ለራሴ እመሰክራለሁ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተመልሼ ፋይሉን ከፈትኩ። ማውዙን ነካ ሳደርገው ዘለለ። መሳቢያዬን ስበረብር ቁራጩን ወረቀት አገኘሁት፤ በገዛ እጄ ጽሕፈት ሰማንያ ሦስት ይላል። መጀመሪያ የተሰማኝ ምን ነበር? እፎይታ። ማንም አላየም፣ ማንም አልጠረጠረም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ኢንጂነሩ ጋሽ ሚሊን ትከሻቸውን መታ መታ እያደረገ «ዕድሜ ነው እንግዲህ ጋሼ፣ ምን ይደረጋል» ይላል። ነገሩ እንዲህ በደህና ካለፈ ለምን እቆሰቁሰዋለሁ ብዬ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ። ጥሩ ጠበቃ ነኝ፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ረታሁ።

ጋሽ ሚሊ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ለዕድሜዎ በጣም ደህና ነዎት ቢላቸው አላመኑትም፤ መነጽር ካላዘዝክልኝ ብለው ያዙት። ወፍራም ጥቁር ፍሬም መነጽር አድርገው ብቅ አሉ። አንድ በር ለመለካት ሦስት ጊዜ ሜትር መዘርጋት ጀመሩ። ቢሮ ውስጥ «ጋሽ ሦስቴ» የሚል አዲስ ስም ወጣላቸው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። አፌን በእጄ ይዤ፣ ከሁሉም ቀድሜ።

ከዚያ ሴት ልጃቸው ቢሮ መጣችና ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አስጠራችኝ።

«አባዬ መኪና መንዳት አቆመ» አለችኝ። «ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነበር። አሁን ‹ዓይኔ ከድቶኝ ልጅቷን ይዤ አንድ ነገር ብንሆንስ› ይላል። ቁልፉን ለባለቤቴ ሰጠው። ልጅቷ በየጠዋቱ በር ላይ ቆማ አያቷን ትጠብቃለች፣ እሱ መኝታ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። አንቺን ይሰማሻል፤ እስቲ በሞቴ ምከሪልኝ።»

«እሺ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በተሰበሰበበት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስናፑን፣ ነጥቦቹን፣ መሳቢያውን። ኢንጂነሩ ደም ሥሩ እስኪገታተር ጮኸብኝ፤ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ሳያየው ፕላኔ ከቢሮ እንደማይወጣም አስጠነቀቀኝ። እሱን ከምንም አልቆጠርኩትም፤ የማየው ጋሽ ሚሊን ነበር።

መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ራቅ አድርገው አነበቡት።

«ሰማንያ ሦስት ብዬ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ሌላ ማንኛውንም ነገር ቢጠይቁኝ እመርጥ ነበር። «የዚያኑ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ» አልኩ።

ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ወረቀቱን ቀስ ብለው መለሱልኝ።

«በስናፑ አልተቀየምኩሽም» አሉ። «እኔም በአንቺ ዕድሜ ስንት ሥራ አበላሽቻለሁ። ግን ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም ስትዪኝ ይህን መነጽር እያየሽው ነበር።»

ተነስተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

መነጽሩን ከዚያ በኋላ አላደረጉትም። ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለኝ፤ እኔማ ቅልል ብሎኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአንድ ትምህርት ቤት በር ሊለኩ ሄደው ደወሉልኝ። እርሳሴን አነሳሁ። ሜትሩ ሲዘረጋ በስልኩ ይሰማኛል።

«አንድ ሜትር...» ብለው ዝም አሉ።

«አቤት፣ ጋሼ?»

ከስልኩ ራቅ ብለው ዘበኛውን ሲጠሩት ሰማኋቸው፤ «ወንድሜ፣ ና እስቲ አንተ እይልኝ። ስንት ይላል?»

«አንድ ሜትር ከአሥራ ስድስት» አለ ዘበኛው።

«እሱም አሥራ ስድስት ነው የሚለው» አሉኝ ጋሽ ሚሊ። «ጻፊ።»

ጻፍኩ። ደገምኩላቸው።