ለሁለት ሰው አንድ ቁልፍ

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። አንተም ስልክህን ኪስህ ክተተውና ከእህትህ ጎን ተቀመጥ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የሚያስቀው ጥቂት ነው፤ ግን ከመካከላችሁ ለትምህርት ሻንጣ የሚያዘጋጅ ስላለ ሳልናገረው ብቀር ይከብደኛል። የሳይንሱን ዝርዝር ጠይቃችሁ አታፋጥጡኝ፤ የማውቀው እሷ የነገረችኝን ያህል ነው። እሷም ለእኔ ስትነግር በመርፌና በክር እየመሰለች ነበር።

የወንድሜ ልጅ ናት። አባቷ ስም አውጥቶላታል፤ እኔ ግን «ጉዴ» ነበር የምላት። ገና ስትድህ ጀምሮ የማትከፍተው መሳቢያ፣ የማትገለብጠው ዕቃ አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን ገልብጣ ሶሉን ታያለች። አድጋ ፊዚክስ ተማረች፤ ከዚያም ለከፍተኛ ትምህርት እኔ ወደምኖርበት የሰው አገር መጣች። ያኔ እኔ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ቀሚስ አጠብባለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። የምኖረው ከዚያው በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ከታች የካውያው እንፋሎት ስለሚወጣ ግድግዳው ሁልጊዜ ሞቅ ያለና እርጥብ ነበር። አንዱን ክፍል ለቀቅኩላት።

ከከተማው ወጣ ብሎ የኒውክሌር ፊዚክስ ምርምር ማዕከል አለ። ለእሷ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ነበር፤ መድረሻዋ እዚያ ነው። «እትዬ፣ እዚያ ካልገባሁ እኮ ዋና በወረቀት እንደተማረ ሰው ነው የምቀረው» ትለኝ ነበር።

በዚያ ማዕከል የአገራችን ሰው ይሠሩ ነበር። የትልቁ ማሽን አዳራሽ ኃላፊ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን፤ የዕድሜ እኩያቸው የሆነውም ጋሼ ይላቸዋል። የቤት ኪራይ ውል ያላነበበ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ማስገባት ያቃተው፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ ሁሉም ጋሼ ዘንድ ነው የሚሄደው። ደግ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትረሱት ነው። ባለቤታቸው ኩላሊቷ ደክሞ ደሟን በሐኪም ቤት ማሽን እያሳጠበች ነበር የምትኖረው፤ ሕክምናዋን የሚሸፍንላት የእሳቸው ሥራ ነው።

ጉዴን ለጉብኝት የጠሯት እሳቸው ናቸው። ማዕከሉን ትይ፣ አለቆቹም ይዩሽ፣ ከወደዱሽ ቦታ ይሰጡሻል አሏት። የዚያን ቀን ጠዋት ጃኬቷን ሁለቴ አስተኮሰችኝ። «ሊያገቡሽ ነው እንዴ የምትሄጂው?» ብላት፣ «ከዚያ ይበልጣል» አለችኝ።

እንግዲህ የአዳራሹ ነገር እንዲህ ነው። ማሽኑ ዓይን የማያያቸውን ቅንጣቶች አፍጥኖ አንድ የብረት ቁራጭ ላይ ይተኩሳል። ያንቺ የስፌት መኪና ክር ትተኩሳለች፣ የእነሱ የማይታይ ነገር ይተኩሳል ብላ ነበር ያስረዳችኝ። የሚታየውን ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ላቃተኝ ሴትዮ ስለማይታየው ባታወሪኝስ አልኳትና ሳቅን። ማሽኑ ሲሠራ አዳራሹ ውስጥ ሰው መኖር የለበትም። ጨረሩ ሰው ያቃጥላል፤ ያውም ነበልባል ሳይታይ፣ ቆዳ ሳይጨስ፣ ከውስጥ። ስለዚህ በሩ አጠገብ ቁልፎች የተሰኩበት ሰሌዳ አለ። የሚገባ ሁሉ አንድ ቁልፍ ይነቅላል። ከቁልፉ ጋር የጨረር መለኪያ ታስሯል፤ እሱን ደረቱ ላይ ያንጠለጥላል። ሲወጣ መልሶ ይሰካል። አንድ ቁልፍ ከጎደለ ማሽኑ አይነሳም።

ጉዴ ቁልፍ ልትነቅል እጇን ዘረጋች። ጋሼ አንዱን ነቅለው ነበርና፣ «ተይው ልጄ፣ አንቺ ከእኔ ጋር ነሽ» አሏት።

እናንተ ታውቁታላችሁ ይህን ነገር። ምግብ ቤት ገብተን ሒሳብ ሲመጣ ታላቅየው «ተይው» ካለ ተወት ነው፤ እጅ ይሰበሰባል። እሷ ደንቡን አሳምራ ታውቃለች። ግን «የለም ጋሼ፣ የራሴን ልያዝ» ብትል እሳቸውን ያላመነች መሰላት። ጋሼም ክፉ አላሰቡም፤ የቤታቸውን እንግዳ በራሳቸው ቁልፍ ማስገባታቸው ነው። የዚያ አገር ሰዎች ቢሆኑ ሁለቱም ይህን አያደርጉትም ነበር።

በወፍራም ግንብ የተሠራ ጠምዛዛ መተላለፊያ አልፈው ገቡ። ጨረር መታጠፍ ስለማይችል ነው መተላለፊያው የተጠማዘዘው። ጋሼ እያዞሩ አሳዩዋት፤ ከሩቅ አገር የመጡ ተመራማሪዎች ዓመት ሙሉ ተራ ጠብቀው ዛሬ ቀናቸው እንደሆነ፣ ማሽኑ በድንገት ከቆመ ዳግም ለማስነሳት ቀናት እንደሚፈጅ በኩራት ነገሯት። ከዚያ ስልካቸው ጮኸ። መተላለፊያው አፍ ላይ አቁመዋት፣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ፣ መጣሁ ብለው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው፣ እጃቸው ራሱ ቁልፉን መልሶ ሰካው። ወዲያው አለቃቸው ክንዳቸውን ይዞ ስለ አንድ ነገር እያወራ ወሰዳቸው።

ከመዝጋቱ በፊት አዳራሹን ዞሮ ማየት ያለበት ሠራተኛ መጣ። ሰሌዳውን አየ፤ ሙሉ ነው። ሁሉም የሚያምኑት ሰሌዳውን ነበር። አንገቱን ብቻ አስግጎ አየና ዘጋው።

ጉዴ ደግሞ ቆማ አልጠበቀችም። ጫማ ገልብጣ የምታይ ልጅ እንዴት ብላ ትቆም? ከትልልቆቹ ማግኔቶች ጀርባ ዞራ፣ ጨረሩ የሚያርፍበትን የብረት ቁራጭ ጎንበስ ብላ ታያለች። እዚያው እንዳለች ደወል ጮኸ፤ ቢጫ መብራት መዞር ጀመረ።

ግድግዳው ላይ ቀይ ማጥፊያ አለ። ውስጥ የቀረ ሰው እሱን መጫን ነው፤ ማሽኑ ወዲያው ይሞታል። ከፊቷ ነበር። እጇን አነሳች፤ ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ። ዓመት ሙሉ ተራ የጠበቁት ሰዎች ትዝ አሏት። በመጀመሪያ ቀኗ የሰው ሥራ ልታበላሽ ነው። ጋሼን ልታሳፍር ነው። አሁን ይመጣሉ ብላ ተጣራች፤ ግንቡ ድምጿን ዋጠው። ደወሉ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ዝም ሲል ነው የነቃችው። ዝምታው ማሽኑ መጀመሩ ነበር። ያኔ በሁለት እጇ ተጫነችው።

ምንም አልተሰማትም፤ ሙቀት የለ፣ ሕመም የለ። ወደ መተላለፊያው ሄደች፤ ጋሼ አመድ መስለው እየሮጡ ሲመጡ እዚያ አገኟት። የት ነበርሽ አሏት። ፊታቸውን አየችና «እዚሁ፣ ያቆሙኝ ቦታ» አለቻቸው።

ተነፈሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከመተላለፊያው አላለፍኩም በይ። ቁልፍ ሳትይዝ አዳራሹ ውስጥ ነበረች ከተባለ እኔ አበቃልኝ። ባለቤቴም አበቃላት» አሏት።

«እሺ ጋሼ።»

ልብ በሉ፤ እሳቸው ትንሽ ውሸት ነው የጠየቋት። ያቆሟት ቦታ የነበረች መስሏቸዋል፤ እዚያ ደግሞ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ትልቁን ውሸት የጨመረችበት እሷ ናት፤ ለእሳቸው ስትል።

የማዕከሉ ሐኪም ደሟን አንድ ጊዜ ወሰደ። መለኪያ ስላልያዘች ያለው ማስረጃ አፏ ብቻ ነው። መተላለፊያው ላይ ለነበረ ሰው ይህ ይበቃል አለ፤ ግን ካስመለሰሽ በዚያው ሰዓት ንገሪኝ ብሎ አስጠነቀቃት። ማምሻውን ቤት መጥታ አስመለሳት። ግንባሯን ይዤላት ነበር። የማዕከሉ ምግብ ነው አለችኝ፤ እኔም አመንኳት፣ ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። በማግስቱ ሐኪሙ ሲደውል መስኮቱ ጋ ቆማ «ኧረ ደህና ነኝ፣ ምንም የለም» ስትለው ሰማሁ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል በእውነትም ደህና ሆነች። በላች፣ ተኛች፣ ሳቀች። ማዕከሉ ተቀበለሽ ተባለች፤ ጋሼ ራሳቸው ናቸው ደውለው ያበሰሯት። እኔ በደስታ መኪናዬን ጥዬ ወጣሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ረስቼ።

የሥራ ጋዋን ሰጥተዋት ነበር፤ ነጭ፣ እጅጌው የረዘመ። ወንበር ላይ አስቀምጬ አንገትጌውን በስፒል እያያዝኩ ጸጉሯን ወደ ጎን ሰብሰብ ሳደርገው፣ ጸጉሩ እጄ ላይ ቀረ። ከነሥሩ። የጎተትኳት መስሎኝ ይቅርታ ጉዴ አልኳት። እሷ ጸጉሩን ከእጄ ወሰደችና ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችው።

«እትዬ፣ መተላለፊያው ላይ አልነበርኩም» አለችኝ።

የነገርኳችሁን ሁሉ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ወዲያው ትኩሳቱ መጣ፤ ድዷ መድማት ጀመረ፤ ሆስፒታል አስገባኋት። ሐኪሞቹ በሽታው ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ይጠይቁኛል፤ እሷ አልጋው ላይ ሆና በዓይኗ ትይዘኛለች። ነርሷ ስትወጣ እጄን ጎተተችኝ።

«አላውቅም በይ። ጋሼን እንዳናስበላቸው።»

«አንቺንስ? አንቺን ማን ይብላሽ?»

«እሳቸው እኮ በበጎ ነው ያስገቡኝ፣ እትዬ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ያልሰማ ማን አለ? እሷም ሰምታለች፤ ከእኔው አፍ። ውኃ ልግዛልሽ ብያት ወጣሁና በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

ለባለቤታቸው ካሮት እየላጡ ነበር፤ እሷ በተዘጋው በር ውስጥ ተኝታለች። ተቀመጪ ቢሉኝ አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ ልጅቷ የነበረችው ማሽኑ የሚመታው ቦታ ላይ ነው።»

«አይደለም። እኔ ያቆምኳት…»

«እርስዎ ያቆሟት ሌላ ቦታ ነው። እሷ ግን ሄዳለች። አሁን ጸጉሯ እየረገፈ ነው።»

ቢላው እጃቸው ላይ ቆመ። የተዘጋውን በር አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ልለምናቸው፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ተዘጋጅቼ ነበር። በአእምሯቸው ምን እየመዘኑ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በአንዱ ወገን ያለችው ሚስታቸው ናት። ቢላውን አስቀመጡና እጃቸውን ታጠቡ።

«እህቴ፣ ኮቴን አቀብይኝ።»

ሐኪሞቹ ፊት ቆመው ሁሉንም ተናገሩ፤ ቁልፉን፣ ሰሌዳውን፣ እሺ ያሰኟትን። አንዲት ወጣት ሐኪም አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው። «በመጀመሪያው ሳምንት ብናውቅ ኖሮ…» ብላ ነርሶቹን ጠራች። ከዚያ ሩጫ ሆነ። መስታወት ክፍል አስገቧት፤ ደም ሰጧት፤ አገር ቤት ካለው ወንድሟ መቅኔ ለመውሰድ እሱን ለማስመጣት ደከሙ። ሰውነቷ አልጠበቃቸውም።

አንድ ቀን ጋሼ ከመስታወቱ ውጭ ቆመው ሳለ በመነጋገሪያው ድምጿ መጣ፤ ቀጥኗል። ስለ ራሷ የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እነዚያ ተራ የጠበቁት ሰዎች… ቀናቸውን አገኙ?»

ጋሼ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደገፉ።

«አገኙ፣ ልጄ። አገኙ።»

እውነት ይሁን ውሸት አልጠየቅኳቸውም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሊት ቆየች።

ጋሼ ከሥራ ተባረሩ፤ የባለቤታቸውም ሕክምና ወደ ድሆች ክፍል ዞረ። ከአገራችን ሰው መካከል እኔን የወቀሰ አልጠፋም፤ ልጅቷ ላትተርፍ የጋሼን ቤት አፈረሰች አሉ። እሳቸውን የረገመም ነበር። ሰው ሊያጽናናኝ ተሰብስቦ ሳለ ጋሼ መጥተው በሩ ጥግ ተቀመጡ፤ ማንም አጠገባቸው አልነበረም። ትናንት ዳኛው፣ አስታራቂው እሳቸው ነበሩ። ተነሥቼ ወንበሬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።  

ጋዋኑን ስፒሉ እንደተሰካበት አጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ልጨርሰውም ልጥለውም እጄ እምቢ አለኝ።

ልጆቼ፣ ታላቅ አታክብሩ አላልኳችሁም፤ አፌን ይያዘኝ። እሷም ያከበረችው ሊከበር የሚገባ ሰው ነው። ግን የሚወዳችሁ ሰው ቢያፍርባችሁም ይመለሳል፤ ሞት አይመለስም። አንድ ቀን ሐኪም «የት ነበርሽ? ምን ነካሽ?» ሲላችሁ፣ ወይም እጃችሁ ለማንም ብሎ አየር ላይ ሲቀር፣ ያቺን የወንድሜን ልጅ አስታውሱልኝ። ለእኔ ብላችሁ፣ አስታውሷት።