የእህቴ ግራ ዓይን

እህቴ ሸውራራ ነበረች። ይህን የምናገረው እንድታዝኑላት አይደለም፤ እሷም ለራሷ አዝና አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆና ስትሠራ፣ በዓይኗ ያሾፈ ተሳፋሪ ካለ ልክ ልኩን ነግራ ነበር የምታስወርደው። ፎቶ መነሳት ላይ ግን አትቻልም፤ ካሜራ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ቤታችን ያሉት ፎቶዎቿ በሙሉ ጆሮና ጉንጭ ናቸው።

ፊቷን ሳታዞር የቆመችለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአውቶቡስ ጋራዡ የግንብ አጥር ላይ ሥዕሉን የሳለው ታፔላ ጻፊ፣ ነፍሱን ይማረው። ከሾፌሮቹና ከመካኒኮቹ መሀል ትኬቷን አስይዞ አቆማት። ቀኝ ዓይኗ ፊት ለፊት ያያል፣ ግራው ወደ አፍንጫዋ ይሄዳል። እሷም ከሞተች በኋላ እናቴ ገበያ ስትሄድ መንገዷን አርዝማ በዚያ በኩል እየዞረች "እንዴት አደርሽ ልጄ" ትላታለች።

እኔ የከተማውን የግድግዳ ሥዕሎች የሚመዘግበው ቢሮ ፎቶ አንሺ ነኝ። አጥሩ እንዲታደስ ሁለት ዓመት ደጅ የጠናሁትም እኔ ነኝ። ቀለሙ እየተላጠ፣ እርጥበቱ የሰዎቹን እግር በልቶት ነበር። ተፈቀደ ሲሉኝ ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት፤ መረቀችኝ።

ሥራው አልቆ የተጋረደው ሸራ ሲነሳ ሄድኩ። እግሮቹ ተመልሰዋል፣ ቀለሙ ያበራል። እህቴ ጋ ስደርስ ደሜ ፈላ። ሁለቱም ዓይኖቿ ቀጥ ብለው ያዩኛል። ቆንጆ ናት፤ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ያለችውን ሴት ትመስላለች። እህቴን ግን አትመስልም።

አዳሹን ሠዓሊ መሰላሉን ሲያጥፍ አገኘሁትና ምን ነክቶህ ነው ብዬ ጮህኩበት። እሱ ብሩሾቹን በጨርቅ እየጠረገ፣ ከራሱ ምንም እንዳልጨመረ፣ የተሰጠውን ቅጽ ብቻ እንደተከተለ ነገረኝ። ውሸታም አልኩት። ሌላም አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አልኩት። ከቦርሳው ወረቀቱን አውጥቶ ሰጠኝ።

የጉዳት መመዝገቢያ ቅጽ ነው። የሚሞላው መሐንዲሳችን ነው፤ ግድግዳውን እየለካ ስንጥቁን፣ ልጣጩን፣ እርጥበቱን በተራ ያሰፍራል። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ "የትኬት ቆራጯ ግራ ዓይን ከቦታው ተዛንፏል፤ ይስተካከል" ይላል። ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የመሐንዲሱ፣ አንዱ የአጥሩን ፎቶ ያነሳሁት የእኔ ነው።

አርባ ቅጽ አንድ ላይ ቀርቦልኝ፣ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ሻይ ይዤ የፈረምኩበት ቀን ትዝ አለኝ። እኛ ቢሮ ፎቶው ከተያያዘ ቅጹን ማንም አያነብም። መሐንዲሱን ሄጄ ማነቅ አማረኝ። ግን እሱ እህቴን አያውቃትም፤ ጉዳት ፈልግ ተባለ፣ ያገኘ መሰለው። የማውቃት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ በራሴ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም።

የእህቴን የድሮ ዓይን መልስልኝ አልኩት ሠዓሊውን። የድሮውን ቀለም ፍቆ አንስቶታል።

"ያነሳኸውን ፎቶ እያየሁ ልሞክር እችላለሁ" አለኝ። "ግን ሸውራራ ሴት ነው የምትወጣልኝ፤ እህትህ አትወጣም።"

እውነቱን መሆኑ ይብስ አናደደኝ።

ማታ ለእናቴ ልነግራት ፈልጌ አልደፈርኩም። ጠዋት ፌስታሏን ይዛ ስትወጣ ተከተልኳት። አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሰላም አላለችም። ጠጋ ብላ አየች፣ ራቅ ብላም አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ማን ነው እንዲህ አድርጉ ያላቸው?"

መሐንዲሱ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"እኔ ነኝ እማዬ። ዓይኗ ጉዳት ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሳላነብ ፈረምኩ።"

"ስንቱ ሳቀባት" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "ስንቱ ስም አወጣላት። ጉዳት ነው ብሎ የፈረመባት ግን ወንድሟ ብቻ ነው።"

መንገዱን ላሻግራት እጄን ዘረጋሁ። ፌስታሏን በእኔ በኩል ወዳለው እጇ አዛወረችና ብቻዋን ተሻገረች።