ግራጫ አርባ አራት

የቀለም ካታሎግ ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ቢጫ ያወጣል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዳር ዳሩ በእጅ ላብ ይወይባል። ይህን ለዲዛይነሮች ስናገር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሰሚ ግን የለም። የልብስ ዲዛይነሮቹ ይሻላሉ፤ ቢያንስ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። የቤት ዲኮር የሚሠሩት ግን አያድርስ ነው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥለውት ይከርሙና፣ ግድግዳው ከመጋረጃው ጋር አልሄደም ብለው እኛን ይወቅሳሉ። አንዱማ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ካታሎግ ልወስድበት ብል፣ ርስቱን ልነጥቀው የመጣሁ ይመስል ደረቱ ላይ ለጥፎ ያዘው። አልሞት ባይ ተጋዳይ የሆነ ካታሎግ ስንት አይቻለሁ።

ሥራዬ ይኸው ነው። በየዓመቱ አዲሱ እትም ሲወጣ ደንበኞቻችን ዘንድ እየዞርኩ አሮጌውን እሰበስባለሁ፣ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት መሃሉን በመብሻ እበሳዋለሁ፣ አዲሱን አስረክባለሁ። እትሙ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ሌላ ሥራ አለኝ። እያንዳንዱ ገጽ ሲታተም ከዋናው ናሙና ጋር ይነጻጸርና ሁለት ሰው ይፈርምበታል። ሁለተኛዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው አባቴ ነበር።

አባቴን መሥሪያ ቤቱ "አባ ግራጫ" ይለው ነበር። ቀይና አረንጓዴ ማንም ይለያል። ግራጫ ግን ሰው ይፈትናል፤ አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አንዱ ወደ ቡናማ፣ ሌላው ለይቶለት ሐምራዊ ሊሆን ምንም አይቀረው። አባቴ ስልሳውን ግራጫ አንድ ላይ ቢዘረጉለት ቁጥራቸውን በቃሉ ይጠራል። ዲዛይነሮች ከአሮጌ ካፖርት የተቀደደች ቁራጭ ይዘውለት ሲመጡ፣ አገላብጦ አይቶ፣ "አርባ ሁለት ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ ነው እንዲህ የሆነው" ብሎ ይሸኛቸው ነበር። ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው፤ አንድ ገጽ አላምር ካለው ማሽኑን ቀኑን ሙሉ ያስቆማል። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ የእኔን ፊት የዚያን ያህል አይተኸው አታውቅም እያለች ታሾፍበት ነበር።

ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት "ከተጠራጠርሽ ወረቀቱን ጠርጥሪ" የሚል ነበር። ወረቀት ያረጃል፣ ቀለም ይሸሻል፣ ብርሃን ይዋሻል። ስለ ዓይን ማርጀት ግን አንድም ቀን አላነሳልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

የዘንድሮው እትም ግራጫ ገጾች የጸደቁት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የምናጸድቅበት ክፍል መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ሆን ተብሎ ፈዛዛ ነው፤ እኛም ደማቅ ልብስ ለብሰን አንገባም። ዋናው ናሙናና ከማሽን የወጣው ወረቀት እንደ ቀን ብርሃን የሚያበራው ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አታሚው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ግራጫ አርባ አራትን አየሁት። ናሙናውና ወረቀቱ አንድ ናቸው፤ እንዲያውም እንደዚያ ልክክ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አባቴ ግን እንዳጎነበሰ ቆየ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ዋናው ናሙና ቢጫ አውጥቷል አለ። ናሙናው ከተዘጋጀ ገና ሦስት ወር አልሞላውም፤ ብርሃን እንዳይነካው ከሚቀመጥበት ጥቁር ፖስታ የወጣውም ያን ዕለት ነው። አታሚው ይህንኑ በለሆሳስ ተናገረ። አባቴ አርባ አራትን አታሚው ሳይወለድ ጀምሮ እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ቢጫ ሆኖም አይቶት እንደማያውቅ መለሰለትና ሰማያዊ እንዲጨምርበት አዘዘው። አታሚው እኔን አየኝ። እኔ ወረቀቱን ማየት ያዝኩ።

ተጨምሮ መጣ፤ ገና ነው ተባለ። እንደገና ተጨምሮ መጣ። በሦስተኛው አባቴ "አሁን አርባ አራት ሆነ" ብሎ ፈረመና ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ለእኔ ወረቀቱ በግልጽ ሰማያዊ ሆኖብኛል፤ ግራጫነቱ ቀርቶ የተማሪ ደንብ ልብስ መስሏል። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ግን አባ ግራጫ ባለበት እኔ ማን ነኝ? ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ፣ ከእሱ ፊርማ ሥር ፈረምኩ። አጠገቡ ያሉት ሰባት ግራጫዎችም በዚያው ልክ ተስተካከሉ።

ዘጠኝ መቶ ካታሎግ ታትሞ ወጣ። ያደልኩት እኔው ነኝ። ከቤት ቤት እየዞርኩ ትክክለኛውን አሮጌ በመብሻ እየበሳሁ፣ የተሳሳተውን አዲስ እያስረከብኩ፣ በዚያ ላይ ፀሐይ እንዳታስመቱት እያልኩ እየመከርኩ ከረምኩ።

በሁለተኛው ወር አንዲት የልብስ ዲዛይነር መጣች። በራሷ ስም የምታወጣው የመጀመሪያ ሥራዋ ሠላሳ ካፖርት ነበር፤ ገላው ሱፍ፣ እጅጌው ሹራብ። ሱፉን አንዱ ማቅለሚያ ቤት፣ ሹራቡን ሌላው ነው የነከረው። ሁለቱንም ያዘዘቻቸው ግራጫ አርባ አራት ብላ ነው። ሱፉን የነከሩት እኔ ገና ያልደረስኩባቸው፣ ያምናውን ካታሎግ የያዙ ናቸው። ሹራቡን የነከሩት ጎበዝ ደንበኞቻችን ናቸው፤ አዲሱን በወጣ በሳምንቱ ወስደዋል።

ካፖርቱን በሥራ አስኪያጃችን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ሥራ አስኪያጇ እኔን፣ አባቴንና አታሚውን አስጠራችን። ገላው ግራጫ፣ እጅጌው ሰማያዊ፤ ከሁለት ሰው ልብስ ተቆርጦ የተገጣጠመ ይመስላል። ዲዛይነሯ አልጮኸችም። ጨርቁ እንደገና ቢነከር እንደሚበላሽ፣ ልብሶቿን የምታሳይበት ቀን ደግሞ ለሌላ ሰው መሰጠቱን ብቻ ተናገረች። ስታወራ ግን እጇ የካፖርቱን ኮሌታ ደጋግሞ ያቃናው ነበር፤ ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ ካፖርቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። እያገላበጠ አየው። ሲመለስ ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር።

"እጅጌው ልክ ነው፤ ቢጫ ያወጣው ገላው ነው" አለ። "ሱፉን የነከሩት ሰዎች ያረጀ ካታሎግ ይዘው ነው። ጥፋቱ የእኛ አይደለም።"

አታሚው መሬት መሬቱን ያያል። ተቆጥታ የመጣችው ዲዛይነር ቁጣዋ ከፊቷ ሲጠፋ፣ አዝናለት ስታየው አየሁ፤ ከሁሉም የከፋብኝ ይህ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺስ? ሁለተኛዋ ፈራሚ ነሽ። ምን ይታይሻል?"

"እጅጌው ሰማያዊ ነው" አልኩ።

አባቴ ካፖርቱን እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አድርጎ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"እሷ ካለች ነው" አለ።

በዚያው ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሞራ አለበት፤ የሚያየውን ሁሉ ቢጫ የሚያደርግበት እሱ ነው። ሞራውን ማንሳት አያቅተንም፣ ግን ከጀርባው ያለው፣ ዋናው የሚያየው ክፍል፣ አብዛኛው ተበልቷል፤ ብናነሳውም የሚመለስ ነገር የለም አለ ሐኪሙ። ቢጫው ስንት ዓመት ሲጠራቀም እንደኖረ ብጠይቀው አላውቅም አለኝ። ቀስ እያለ ስለሚመጣ አብዛኛው ሰው አያስተውለውም። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ጫማውን ሲያይ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ በክብር ሸኘው። ክብሩም አንድ ወረቀትና አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው።

እኔ ደግሞ መልሼ ልሰበስብ ወጣሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ ዘጠኝ መቶ ቦታ ከተበተነ ግን ከየት ይጀመራል? ወር ሙሉ ዞሬ ያገኘሁት ግማሹን አይሞላም። አንዱ ገጾቹን ቆራርጦ ለየማቅለሚያ ቤቱ ልኳቸዋል። አንዷ ለጓደኛዋ አውሳለች፣ ጓደኛዋም ለጓደኛዋ። አንድ የዲኮር ሠራተኛ የአንድ ክሊኒክ ሦስት ፎቅ በዚያ ግራጫ ቀብቶ ጨርሶ አራተኛውን ጀምሯል። ካታሎጉን አልሰጥም አለኝ።

"እህቴ፣ ለእኔ አርባ አራት ማለት ከእንግዲህ ይኼ ነው" አለኝ። "ትክክለኛውን ብታመጪልኝ ነው የምበላሸው።"

እውነቱን ነው። ትክክለኛዎቹን እንዳልመልስላቸውም አንድ በአንድ በስቼ የጣልኳቸው በራሴ እጅ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አባቴ ወር ሙሉ ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላለም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጠን ልብስ ሳጥፍ ድንገት ጠየቀኝ።

"ያን ማክሰኞ አይተሽው ነበር?"

መዋሸት አልቻልኩም። "አይቼው ነበር" አልኩት።

"ታዲያ ለምን ፈረምሽ?"

"አንተ ነህ ያልከው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ነው።"

ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው።

"እኔ እኮ ዓይኔ እንደደከመ ካወቅኩ አራት ዓመት አለፈኝ" አለ። "ምን ያህል እንደደከመ አላውቅም እንጂ፣ እንደደከመስ አውቃለሁ። ሥራዬን ያልተውኩት አንቺን ተማምኜ ነው። አንድ ነገር እናገርና ፊትሽን አያለሁ። ዝም ካልሽ ልክ ነኝ ማለት ነው። እሷ ዓይን አላት፣ ስሳሳት ትነግረኛለች እላለሁ። ያን ቀንም ፈርሜ ቀና ብዬ ፊትሽን አየሁት። ዝም አልሽ።"

የያዝኩት ሸሚዝ እጄ ላይ ቀረ። ለካ እኔ እሱን አምኜ፣ እሱ እኔን አምኖ፣ ከሁለታችን ወረቀቱን ያመነ ሰው አልነበረም። ልጠጋው ፈለግኩ፤ እንዴት እንደሚጠጉት ግን ጠፋብኝ።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አለ ቆይቶ። "ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ዝም ያልሽው?"

ያምናው እትም ቀዮቹ ትዝ አሉኝ፤ ያኔም እኔ ነኝ የደከመኝ ብዬ ነው የፈረምኩት። ያቻምናዎቹ አረንጓዴዎች። ከዚያ በፊት አንድ ሙሉ ገጽ ክሬም። ማንም ከሶ አልመጣም፤ ፀሐይ ነው፣ ሳሙና ነው እያሉ ይሆናል። በማላውቃቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ትከሻ ላይ አሉ፤ ሰብስቤ የምጨርሳቸው አይደሉም። አርባ ዓመት የለፋበት ስሙ ደግሞ በእያንዳንዳቸው ገጽ ላይ ከእኔ ስም በላይ ተፈርሟል።

"የዘንድሮውን ብቻ ነው" አልኩት።

ዓይኑን አጥብቦ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እፎይ ብሎ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። አመነኝ።