የጊላን በርሜል

«አይከፈትም አልኩ፣ አይከፈትም!» ኦክታቭ ጠረጴዛውን በጡጫው ሲመታው የጨጓራው ወጥ ከሳህኑ ጠርዝ ፈሰሰ። «የሰርግ በርሜል ነው። ሰርግ የለም፤ አይከፈትም።»

«ታዲያ ማን እስኪዳር ነው የምትጠብቀው?» አለች ሚስቱ ሊዮካዲ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ የምታደርግበት አቅምም አልነበራትም። «እኔ እንደሆንኩ ገናን አላይም። ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነው የነገረን።»

«ሐኪም ምን ያውቃል!»

«ሐኪም ባያውቅ ቀሚሴ ያውቃል። ሁለት ጊዜ አጥብበነዋል።»

ልጃቸው ሶላንዥ ዳቦ መቁረጫውን እንደያዘች በሁለቱ መሃል ቆማ ቀረች። ሙታን የሚጎበኙበት የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለሆነ ጧት ሦስቱም ከአጎቷ ከፊርማን ጋር መቃብር ስፍራ ሄደው፣ አበባ አስቀምጠው፣ ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ ነበር የተመለሱት። እናቷ ጸቡን የጀመረችው እዚያው ከመቃብሩ አጠገብ ሲሆን እስከ ምሳ ድረስ አልለቀቀችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከምግቡ መሃል፣ ለሆድ ቦታ እንድትከፍት የምትጠጣዋ መለኪያ ዛሬ ከጊላን በርሜል ትቀዳ።

ጊላን የሶላንዥ ታላቅ ወንድም ነበር። በተወለደበት ዓመት የወጣው የፖም አረቄ እንደ አገሩ ልማድ በአንድ ትንሽ በርሜል ተሞልቶ ለሰርጉ ቀን ተቀመጠለት። ጀርመኖች አገሩን በያዙበት ጊዜ ኦክታቭ በርሜሉን ከፍግ ክምር ሥር ቀብሮ አተረፈው፤ በመንደራቸው በካምብረሜር ይህን ያልሰማ ሰው የለም። ጊላን ግን በሃያ ሁለት ዓመቱ ከአልጄሪያ ጦርነት በታሸገ ሣጥን ተመለሰ። እንዳይከፈት ተብሎ ታዝዞ ስለነበር ሊዮካዲ የልጇን ፊት ሳታይ ቀበረች። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። የምድር ቤቱ ቁልፍ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከኦክታቭ ቀበቶ ተለይቶ አያውቅም፤ ሰዉም «ሐዘኑ ነው» እያለ ያከብርለት ነበር።

«ተው እንጂ አማቼ» አለ ፊርማን። የሊዮካዲ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጸብ የማይወድ ሰው። «እናንተ ስትጨቃጨቁ ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ከየትኛውም በርሜል ይሁን፣ ብቻ ይቅረብ።»

«አንተማ የፈረስ እግር ማሻ መድኃኒት ቢሰጡህም ትጠጣለህ» አለችው እህቱ።

«ቀምሼዋለሁ፤ ብዙም አይከፋም።»

ኦክታቭ አልሳቀም። ወደ ልጁ ዞረ። «ያንቺ ምክር ነው አይደል? ከፍተሽ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ልትወስጂው ነው። ማርና ሎሚ ጨምረሽ ለፓሪሶቹ ሾርባ ልትሠሪበት።»

ሶላንዥ በባሕሩ ዳርቻ ከተማ በትሩቪል ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ መጠጥ ቀጂ ናት። በዚህ ሰሞን ከፓሪስ የሚመጣው እንግዳ የሚጎርፈው የእሷን ኮክቴል ፍለጋ ነው፤ የፖም አረቄ በፖም ጠጅ፣ በማርና በቀረፋ ተደባልቆ። አባቷ ስሙን ሾርባ ካለው ቆይቷል። ስድቡን ለምዳዋለች።

«አባዬ፣ እማዬ ናት የጠየቀችህ» አለች። «ቁልፉን ስጠኝ።»

እሱ የተዘረጋውን እጇን አየ፤ ከዚያም ሚስቱን አየ። ሊዮካዲ ብርድ ልብሷን እስከ ደረቷ ስባ፣ ዓይኗን ሳታነሣ ትጠብቀው ነበር። ቁልፉን ከቀበቶው ለመፍታት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ተቀመጠ።

ምድር ቤቱ የፖምና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ይሸታል። የጊላን በርሜል ከሁሉም ወደ ኋላ፣ ከግድግዳው ሥር ነበር። ሶላንዥ ውታፉን በመዶሻ መትታ አላቀቀችና ቀጭኑን የመስታወት ቱቦ አስገባች፤ ጫፉን በአውራ ጣቷ ደፍና ስባ አወጣች። ቀለሙ የደረሰ ነው፣ ማር የመሰለ። መለኪያው ላይ አንጠባጥባ ወደ አፍንጫዋ አቀረበችው፤ እዚያው ቀጥ አለች።

ሠላሳ ሰባት ዓመት የተኛ አረቄ አፍንጫ ላይ አይጮህም። ይህ ግን ይጮሃል። ጥሬ ፖም፣ ትኩስ መዳብ፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ እሳት። ምናልባት አፌ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ደግማ ቀመሰች። በርሜል እንጨቱ ስለሚጠጣበት በየዓመቱ ትንሽ ይሞላለታል፤ ያቺ ትንሽ ግን እንዲህ አታደርገውም።

«ቀመስሽው» አለ አባቷ። ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ አባዬ?»

«የጊላን በርሜል ነው።»

«በርሜሉንማ አውቀዋለሁ። ውስጡ ያለውን ነው የጠየቅሁህ።»

ኦክታቭ ታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። «ከቀብሩ ማግስት አንድ መለኪያ ቀዳሁ» አለ። «አንድ ብቻ። በርሜል ደግሞ ጎደሎ አይቀመጥም፤ አየር ይገባውና ይበላሻል። ስለዚህ የቀዳሁትን ያህል ከአዲሱ ሞላሁበት። በነጋታውም ቀዳሁ፣ ሞላሁ። ሁልጊዜ ሙሉ ነበር፣ ሶላንዥ። አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም።»

«በየቀኑ?»

«ጧት፣ ላሞቹን ከማለቤ በፊት።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ?»

«ጀርመን ያልጠጣብኝን እኔው ጠጣሁት።»

ሶላንዥ ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ከላይ የእናቷ ከዘራ ወለሉን ሁለት ጊዜ ሲመታ ሰምታ ዘጋችው። «ምንም አልቀረም? ጠብታ እንኳ?»

«እንጨቱ ውስጥ ይኖር ይሆናል።» እጁን በፊቱ ላይ አሳለፈ። «እሷ የአረቄ አውጪ ልጅ ናት። በሕፃንነቷ ከጋኑ ሥር ነው ያደገችው። አንዴ ካሸተተችው አለቀ።» መሬት መሬቱን እያየ፣ «ያንን የምትሠሪውን… ሆቴል የምትሠሪውን ሥሪላት» አለ።

«ሾርባውን?»

«ሾርባውን።»

ሶላንዥ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የፖም ጠጁን ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አፈላችው፤ ማሩን ለሆቴል ከምታደርገው እጥፍ አደረገች። ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ ፖም ላጥ አድርጋ ፈጭታ ጨመረችበት፤ የሎሚ ልጣጭ ጣለችበት። ለፓሪሶቹ የምታቀርበው ትኩሱን ነው። ዛሬ ግን ድስቱን መስኮቱ ደፍ ላይ አውጥታ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች፤ ሙቀት የጥሬ አረቄን ሽታ እንደሚያስነሣ እጇ ያውቃል። አረቄውን መጨረሻ ላይ ጨመረች። እንደ ሁልጊዜው ሥራዋ ረጋ ብላ አማሰለችው፤ እሷንም ያስደነገጣት ይኸው ነበር። የሙያዋን ሁሉ አንዲት የምትሞት ሴት ለማታለል እያዋለችው ነው፤ ያቺ ሴት ደግሞ እናቷ ናት፤ ሌላ የምትሰጣት ነገር ግን የላትም።

ጽዋዎቹን ይዛ ወደ መመገቢያው ክፍል ስትመለስ አባቷ ቦታው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«የጊላን ማለት ይሄ ነው?» አለ ፊርማን ጽዋውን ወደ ብርሃን አንሥቶ። «የመነኵሴ መድኃኒት ይመስላል!» በአንድ ትንፋሽ ግማሹን ጠጣና ከንፈሩን ላሰ። «ግን ይጣፍጣል። እጅሽ ይባረክ ልጄ። ለወንድምሽ ነፍስ!»

ሊዮካዲ ጽዋዋን በሁለት እጇ ያዘች። አልጠጣችም። አፍንጫዋን አስጠግታ ረጅም ጊዜ ቆየች። «ለምን ደባለቅሽው?» አለች።

«ንጹሑ ሆድሽን ያቃጥልሻል፣ እማዬ። ሐኪሙም…»

«ሐኪሙ።» ትንሽ ተጎነጨች። ዋጠችና አፏን ዘግታ ጠበቀች፤ አረቄ አውጪው አባቷ በልጅነቷ ያስተማሯት እንዲህ ነው፤ አረቄ ከመዋጡ ይልቅ ከተዋጠ በኋላ አፍ ውስጥ በሚቀረው ይፈረድበታል። ሶላንዥም አብራት ጠበቀች። ከእናቷ ፊት ላይ ተስፋው ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየች።

ሊዮካዲ በጣቷ ጠራቻት። ሶላንዥ ጎንበስ አለች።

«የዘንድሮ ነው?» አለቻት በሹክሹክታ።

ሶላንዥ ውሸት ፈልጋ አጣች። «የአምናም አለበት» አለች።

«የእሱስ?»

ሶላንዥ ራሷን ነቀነቀች፤ የለም።

«ጧት ጧት ሲወርድ እሰማው ነበር» አለች ሊዮካዲ። «ሊያለቅስ መስሎኝ። እንዳያፍር ብዬ፣ ሲመለስ የተኛሁ እመስል ነበር።» ጽዋውን አጠገቧ ባለው የምድጃው ድንጋይ ላይ አኖረችው። «ሣጥኑንም አልከፈቱልኝ።»

«እህቴ፣ ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አለ ፊርማን። «እንዴት ነው? ደርሷል?»

«ደርሷል» አለች ሊዮካዲ ድምፅዋን አንሥታ። «ጠጡ።»

ባሏን አላየችውም። ሶላንዥ ብርድ ልብሱን በእናቷ ጉልበት ላይ አስተካክላ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች፤ የሚቆረጥ ዳቦ ስለነበር ቆረጠች። ፊርማን ባለፈው ሐሙስ ገበያ ላይ አንድ ደላላ ዓይነ ስውር ጊደር ሊሸጥለት እንደሞከረና እሱም የጊደሯን ጭራ እየያዘ «ይቺ ደግሞ የምታየው በዚህ በኩል ነው?» ብሎ እንደጠየቀው ይተርክ ጀመር። ሊዮካዲ የምትሰማ ትመስላለች፤ አንድ ጊዜም ፈገግ አለች። ጽዋዋን ግን እንደገና አልነካችውም።

ኦክታቭ የተተወውን ጽዋ አይቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ተነሣ። ቆቡን ከሚስማሩ አወረደ፤ ካፖርቱን ተወው። በሩ ሲከፈት ዝናብ የመታው ቅጠል ሽታ ገባ፣ ወዲያውም ተዘጋ። ፊርማን ሳቁን ሳይጨርስ እጁን ዘርግቶ ከኦክታቭ ሳህን አጠገብ የቀረውን ዳቦ አነሣ።

«አይቡን ወዲህ በይው» አለ።

ሶላንዥ አቀበለችው።