የኢዮብ ሁለተኛ ልጆች

የልብስ ሰፊዋ ልጅ እግዚአብሔርን መጠርጠር የጀመረችው በብብቷ በኩል ነው። እናቷ የምትሰፋላት ቀሚስ ሁሉ ብብቷ ላይ ይይዛታል። የሰፈሩን ሴት ልክ በዓይኗ የምታውቅ ባለሙያ፣ የገዛ ልጇን እንዴት ትስታለች? ነገሩ አልጣማትም።

ስትሰልል ከርማ ደረሰችበት። እናቷ ጨርቅ ስትቆርጥላት የምታነጥፈው ወረቀት የታላቅ እህቷ ልክ ነው። እህቷ፣ እሷ ሳትወለድ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ በሳንባ በሽታ ሞታለች። በየዕድሜዋ የተቆረጠው ወረቀት ግን መደርደሪያው ላይ ተጠቅልሎ አለ። ታናሿ አሁን አሥራ ስድስት ልትሞላ ነው፤ ወረቀቱ አለቀ። እናቷም ስለ አዲስ ቀሚስ ትንፍሽ አላለችም።

የምትጠራት ደግሞ "ምትኬ" እያለች ነው። ወረቀቱ ሲያልቅ ምትክነቱም ያልቅ ይሆን?

ያን ቀን እትዬ ተመስገን ጉርዳቸውን ሊወስዱ መጡ። አንድ እግራቸው ቢሰበር "ሌላው ስለተረፈ ተመስገን" የሚሉ ናቸው፤ ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው።

"ኢዮብን አታዪም?" አሏት እናቷን። "ልጆቹን ቀብሮ፣ በቁስል ተመትቶ፣ አምላክ ሁሉን እጥፍ አድርጎ መለሰለት። አንቺንም ይኸው በዚች ካሰሽ!"

"ልጆቹንም እጥፍ?" አለች ምትኬ ቁልፍ እየተከለች።

"አሥር ሰጠው!"

"ድሮም አሥር ነበሩ። ግመሉ እጥፍ፣ ልጁ ልክ በልክ። ሁሉን ቻይ ከሆነ የሞቱትን ለምን አልመለሰም? ሁለተኞቹስ የሟቾቹን ልክ ነበር የሚለብሱት?"

"በስመ አብ! የዚችን ምላስ ማን ሳለው?" እትዬ ተመስገን ጉርዳቸውን ሸጉጠው፣ ሳትነክሳቸው በመውጣታቸው አመስግነው ሄዱ።

የስፌት መኪናው ቆመ።

"የማታውቂ መስሎኝ" አለች እናቷ።

"ብብቴ ነገረኝ።"

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "እግዜር እሷን ለምን እንደወሰዳት አንድ ቀንም አልነገረኝም። አንቺን ሲሰጠኝ አፌን ለመዝጋት መሰለኝ። ጉቦ። እስካሁንም አላምነውም።"

"እኔ ጉቦ ነኝ እማ?"

"ጉቦማ ዝም ያሰኛል። አንቺ መቼ ዝም ታሰኚኛለሽ!"

አሮጌውን ወረቀት መደርደሪያው ላይ እንደተጠቀለለ ተወችው። ባዶ ወረቀት ዘረጋችና ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

"ነይ ቁሚ። ክንድሽን ዘርጊ። ትንፋሽሽንም አትያዢ፣ ልኩን ታበላሺዋለሽ።"

ለካች። ደግማ ለካች። "ትከሻሽ እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ?" አለች፣ ገና ዛሬ እንዳየችው።

ምትኬ ጣሪያውን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ከላይኛው ጋር ያላት ጉዳይ እንዳለ ነው፤ ክንዷን ግን አላወረደችም።